ተኳሽ

ተኳሽ ነኝ፣ አትስጉ፤ መሣሪያዬ ካውያ፣
ሻርጃ፣ ሮላ ሰፈር፣ ላውንደሪው ውስጥ የኮያ።

ገበያው የወደቀ ዕለት ድምፅ አልሰማንም፤
ክሬኑ ቆመ እንጂ ሰማዩ አልወደቀም።
መኪናቸውን አየር ማረፊያ ጥለው፣
ቁልፉን እንደ ተሰካ ለአቧራ ትተው፣
በሌሊት አውሮፕላን ሹልክ ብለው የበረሩት፣
ኮታቸውን ግን እኛ ጋ ረሱት።

ሠላሳ አንድ ኮት።
ሮዝ ወረቀት እጅጌው ላይ፣ ቁጥር ወረቀቱ ላይ።
ኮያ ዓርብ ዓርብ ይቆጥራቸዋል፤ አይሸጥ፣ አይጥል።
«ሰው አገር ይተዋል እንጂ ልብሱን አይተውም» ይላል።
እኔም እተኩሳለሁ፤
ባለቤት የሌለው ትከሻ፣ ክንድ የሌለው እጅጌ።

በኅዳር ፊልም ሠሪዎች መጡ።
ታሪኩ የማፍያ ነው አሉ፣ ዘመኑ የኪሳራ፤
ባንክ የተዘጋበት፣ ሰው ለዳቦ የተሰለፈበት።
ለዘመኑ ብዙም አልደከሙ፤
ግማሽ ላይ የቀረ ፎቅ ተከራዩ፣ ከነአሸዋው።
ከኮያም ኮቶቹን፣ ለአንዱ በቀን አሥር ድርሃም።
ሰው ሲጎድላቸው ከሠራተኞች ካምፕ ሰበሰቡ፦
ሠላሳ ለሚቆም፣ ሃምሳ ለሚሞት።
ሁሉም መሞት ፈለገ።

ሙሄ ይመርም ተሰለፈ፣ ፌሮ አሳሪው፣
የአምስት ወር ደመወዙ በአየር ላይ የቀረው።
እኔን ደም ለማጠብ ወሰዱኝ።
ደሙ ሽሮፕ ነው፤ ከጨርቁ ቶሎ ይለቃል፣
ከዝንብ ግን አያስጥልም።

የሙሄ ሥራ ቀላል ነበር፦
አለቃው ከደረጃው ይወርዳል፣ ላስቲክ ሽጉጡን ይደግናል፣
አንድ ልጅ ጣውላ በጣውላ ያጋጫል፤ ጧ!
ሙሄ ይወድቃል።

ጧ! አለ። ሙሄ አልወደቀም።
ጧ!
አልወደቀም።
ቀረብ ብሎ የአለቃውን ግራ ኪስ አየ።
ቁጥር አሥራ ሰባት፣ ግራጫው፣ ቀጭን ነጭ መስመር ያለው፤
ኪሱ ላይ ያለችውን የቀለም ጠብታ
ስንቴ ፈትጌያት እምቢ ብላኛለች።
ሙሄ ግን ያውቃታል፤ ስትወለድ ቆሞ አይቷል፦
ኮንትራክተሩ «ለሚቀጥለው ወር» ብሎ ሲፈርምለት
እስክሪብቶው ያስመለሰው ነው።

ኮሌታውን ጨመደደ። በአማርኛ ጀመረው፦
«እኔ አሥራ አራተኛው ፎቅ ላይ ፌሮ ሳስር
አንተ ጓዝህን ታስር ነበር!
አምስት ወር! ቁጠር! አምስት!»
ተዋናዩ የሩቅ ሰው ነው፣ አንድ ቃል አልገባውም፤
ፊቱ ግን ነጣ፤ ሽጉጡ ከእጁ ወደቀ፣
ላስቲክ ነውና ሁለት ጊዜ ነጠረ።

ደመወዙን ቆርጠውበታል፤ ተስፋውንም ቆርጧል፤
ዳይሬክተሩ ብቻ «ቁረጥ» ማለት ረሳ።
ሲያበቃ አጨበጨበ። «ድንቅ! አንዴ ድገመው!»
ሙሄ አልደገመውም።
ማታ ለሃምሳ ድርሃሙ ሲሰለፍ
ሒሳብ ያዡ መዝገቡን አየና «አልሞትክም» አለው፤
«የቆመ ሠላሳ ነው።»

ፊልሙን ያየ ልጅ በኋላ አወራን።
ሙሄ አለ፣ ይጮኻል፣ ኮሌታ ይዟል፤
ከሥሩ የተጻፈው ትርጉም ግን
«ጌታዬ፣ በልጆችህ ማረኝ» ይላል።

ኮቶቹ ተመለሱ። ኮያ ቆጠረ፤ ሠላሳ አንድ።
አሥራ ሰባትን ዘረጋሁት፤ ኮሌታው ላይ
አምስት ጣት እንዳለ ቀርቷል፣ እንደ ተጨበጠ።
ካውያው ግሏል፤ እንፋሎቱ ያፏጫል።
ሠላሳውን ተኮስኩ፣ አንድ በአንድ፣ በወጉ፤
ተኳሽ ነኝ ብያለሁ፤ ያንን ግን፣ አትስጉ፣
አልተኮስኩትም።
ባለቤቱ ይምጣና እንደ ታነቀ ይልበሰው።